ከላይ አፈር፣ ከታች ሰማይ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የጥቅምት ብርድ እንዴት አድርጎሽ ይሆን? እኛ ሮቤ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ስልኩ እንደገና ስለጠፋ ይህን ወረቀት ለአንድ ሾፌር ሰጥቻለሁ። በስንት እጅ አልፎ እንደሚደርስሽ አላውቅምና በዝግታ አንብቢው።

ስለ ታናሽ ወንድሜ ጠይቀሽኛል። አላየሁትም። ደጅሽ ድረስ እየመጡ የት ገባ ለሚሉሽ ሰዎችም እኅቱ ዘንድ የለም በያቸው።

ሰሞኑን ከጎባ በላይ በተራራው በኩል ሰማይ ላይ የሚያጓራ ነገር እንሰማለን። ለፓርኩ ቀበሮ የሚቆጥሩ ናቸው ያለ አለ፣ ሌላ ያለም አለ። ቀና ብለን ስናይ ምንም የለም። ፈሪ ለናቱ ይሉ የለ፣ ላንቺ ልናገረው፤ ድምፁ በመጣ ቁጥር ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። ይባስ ብሎ የዚያን ሳምንት ለተማሪዎቼ የማስተምረው ስለ ድሮ የጦር አውሮፕላን ነበር። መጀመሪያ ቀለም ያልነካው ጨርቅ ለብሰው ይበሩ እንደነበር፣ የገዛ ወገናቸው ሳይቀር ስለተኮሰባቸው ክንፋቸው ላይ ምልክት እንደተሳለ፣ ኋላም ጀርባቸውን የአፈርና የቅጠል ቀለም፣ ሆዳቸውን ውሃ ሰማያዊ እንደቀቧቸው። ከላይ ለሚያይ አፈር፣ ከታች ለሚያይ ሰማይ። ይህንኑ እራት ላይ ለመሸሻ አጫወትኩት።

አማችሽን ታውቂው የለ፣ ነገር ከሰማ አያሳድርም። በማግስቱ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም ገዝቶ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ አዲሱን ቆርቆሯችንን እንደ ነብር አዥጎረጎረው። ለጠየቀው ሁሉ ዝገት እንዳይበላው ነው ይላል። ችግሩ ግን የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ያብረቀርቃል። ጎረቤታችን ጂቱ ከገበያ ስትመለስ ከዳገቱ ላይ መጀመሪያ የታያት የእኛ ቤት ነው። “ማል ዶክሲቱ?” አለችኝ፤ ምን ትደብቃላችሁ ማለቷ ነው። ሳቅሁ፤ ሳቄ ለራሴም አላማረኝ። ቀለም የሚደብቀው ዙሪያውን ሲመስል ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬ ለባሌ ሳልነግር ቀረሁ።

ሐሙስ ዕለት የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች አጥራችን ጋ ቆሙ። ጣሪያውን አይተው ቤቱ ውስጥ እነማን እንደሚኖሩ ጠየቁኝ። እኔና ባለቤቴ ብቻ አልኳቸው። አንደኛው ገመድ ላይ የተሰጣ ሹራብ አየና የማን ነው አለ። ሰማያዊ ነው፣ ክሩ አልቆ አንገቱ በነጭ የተጨረሰ፤ እንዲህ ያለ ሹራብ አንቺም ታውቂያለሽ። መሸሻ ያን ቦርጩን ይዞ አጠገቤ ቆሟል፤ የእሱ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ጂቱ በአጥሩ ሽንቁር ገባችና ሹራቡን ከገመዱ ላይ አወረደችው።

“የልጄ ነው። የእኔ ግቢ ፀሐይ የለውም” አለች። እየተነጫነጨች ይዛው ሄደች፣ ሰዎቹም ሄዱ። እውነቷን ነው እማዬ፣ ለምን ብላ ትዋሻለች።

መሸሻ አሁን ደግሞ ቀለሙን ልፋቀው ይላል። ተወው አልኩት፤ ብንፍቀው ለምን ፋቃችሁት ሊሉን ነው። አንተ የቀባኸው ከላይ ለሚያየው ብቻ ነው፣ እኔ የምፈራው ከታች የሚያየውን ነው አልኩት። አሁን በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም እንተያያለን።

ሹራቡ ከዚያ ቀን ወዲህ ጂቱ ቤት ነው። አታስቢ፣ ደህና ነው። ትናንት ትንሽ ሲያስለው ሰማሁት፤ ብርድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ዝንጅብል አፍልቼ በሽንቁሩ አቀብዬዋለሁ።

ጸሎትሽ አይለየን። እመብርሃን አንቺንም እኛንም በመጎናጸፊያዋ ትሸፍነን። አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨምሪው።

የበኩር ልጅሽ