በላብ ርሰው ስለሚገቡ

ሞጣ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አምባቸው፣

«ባለሙያው ከሞጣ በሳይክል እየተመላለሱ በላብ ርሰው ስለሚገቡ፣ የሥራ ባልደረባቸው ከእርሳቸው ጋር በአንድ ቢሮ መቀመጥ አልቻሉም። በመሆኑም ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በችግኝ ጣቢያው ግቢ ውስጥ እንዲኖሩ፣ ይህን ባይፈጽሙ በገዛ ፈቃዳቸው ሥራ እንደለቀቁ የሚቆጠር መሆኑን እንገልጻለን።»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ። ፊርማህን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቢቸና ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት ቢሮ ተቀምጠህ «በላብ ርሰው» ብለህ ስትጽፍ እጅህ ትንሽ እንኳ አልዘገየም? በዚያው መንገድ ከፊቴ ሆነህ ስትነዳ የሸሚዝህ ጀርባ ምን ይመስል እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ከሞጣ ቁልቁል ሲወርዱ ማለዳው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ፍሬን ይዞ መውረድ ብቻ ነው። የሚገድለው ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ ያለው ሜዳ ነው። ከወንዙ የሚነሣው እንፋሎት ሸለቆው ውስጥ ታምቆ ይጠብቃል። በሰኔ ደግሞ ሌሊት ዘንቦ ያደረው መሬት ፀሐይ ሲነካው ራሱ ይተነፍሳል። ላብ አይደርቅም፤ በላዩ ሌላ ላብ ይጨመርበታል። ያን ወበቅ እንዴት እንደሚያልፉት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ቦርሳህን ጀርባህ ላይ አትሸከም፣ ከኋላ እሰረው አልከኝ። ሳይጠማህ ጠጣ፣ ውሃው ውስጥ ሎሚና ትንሽ ጨው ጣልበት አልከኝ። ችግኝ ጣቢያው እንደደረስክ ውሃ በላይህ አትድፋ፤ ማንጎው ሥር ተቀመጥ፣ ላብህ ሲቆም ታጠብ፣ አለበለዚያ ታጥበህም መልሰህ ትርሳለህ አልከኝ።

ለመታጠቢያ የጣቢያውን በርሜል እንጨት ላይ ሰቅለን፣ ሥሩን በምስማር በስተን፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ ያጠርነው ሁለታችን ነን። ባለቤቴ ይርገዱ የእኔንም የአንተንም ሸሚዝ ተኩሳ፣ አጥፋ፣ በፌስታል ትሰጠን ነበር። ታጥበን ያን ሸሚዝ ለብሰን ስንገባ ዘበኛው ባንተአምላክ፣ «እናንተ ሰዎች ሙሽሮች ናችሁ ወይስ የችግኝ ባለሙያ?» ይለን ነበር። አንተም፣ «ሙሽራዋን ደብቀህ ምን ትጠይቀናለህ» ትለው ነበር።

አንተ ተሹመህ ቢቸና ከሄድክ በኋላ የደረሰን የመጀመሪያ ትእዛዝህ ያንን በርሜል የሚመለከት ነበር። «ለግል አገልግሎት የዋለ ንብረት ወደ መጋዘን ይመለስ።» ተመለሰ፤ ባዶውን ተቀምጧል። ቀጥሎ ሌባ ገብቶ ሚዛን ስለወሰደ የቢሮውን መስኮት አስቸነከርክ። ከዚያ ወዲህ ከችግኞቹ ጀርባ ቆሜ፣ በጀሪካን ውሃ ፎጣ እያረጠብኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው እንዳያየኝ እየተሳቀቅሁ ሰውነቴን እጠርጋለሁ። ከዚያ ገብቼ በተቸነከረው ክፍል እቀመጣለሁ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ቢሮ የምትጋራኝን ትህትናን ፊት ለፊት ጠየቅኋት። ልጅቱ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ እኔ መቼ ሸተቱ አልኩ?»

«ታዲያ ምን ብለሽ ነው ለቢቸና የጻፍሽው?»

«መስኮቱ ይከፈትልን ነው ያልኩት። እኔንም እኮ ያልበኛል። ከሰዓት በኋላማ ወረቀቱ ክንዴ ላይ ይለጠፋል።»

«የእኔን ስም ጠቅሰሻል?»

«ጋሽ የኔሰው ከሳይክል ወርደው ሲገቡ አየር ያጥራቸዋል፣ ያሳዝኑኛል ብዬ ነው የጠቀስኩት።» ደብዳቤህን ከእጄ ወስዳ አነበበችና፣ «ቆይ፣ እሱ ነው እንዲህ የሆነው?» አለችኝ።

አየህ አምባቸው፣ አንዲት ልጅ አዝናልኝ የጻፈችውን አንተ ክስ አደረግከው። መስኮቱን ለመክፈት አንድ መዶሻ ይበቃ ነበር። አንተ ግን ከምስማሩ ይልቅ እኔን መንቀል ቀለለህ።

በዚህ ብቻ ቢሆን ተቆጥቼ ዝም እል ነበር። የምጽፍልህ ስለፈራሁ ነው።

ይርገዱ ከታመመች ዓመት አልፏታል። መጥተህ ጠይቀሃታል፤ ግራ ጎኗ እንደማይታዘዛት አይተሃል። ቀን ቀን ጎረቤታችን ሥርጉት ትጠብቅልኛለች፤ እሷም የራሷ ቤት ስላላት እኔ ስገባ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ የማገላብጣት እኔ ነኝ። ነርሷ፣ «ቆዳዋ ደረቅ ይሁን፤ ላብ ከያዘው ይላጣል፣ አንዴ ከቆሰለ ደግሞ ቶሎ አይድንም» ብላኛለች። እዚህ ሞጣ ላይ እንኳ ጀርባዋን ለማድረቅ እታገላለሁ። ይዘሃት ውረድ እንዳትለኝ፣ ያ ሸለቆ ጤነኛውን ምን እንደሚያደርገው ታውቃለህ። ትቻት እንዳልወርድ ማን ያገላብጣታል? ሥራውን እንዳልለቅ መድኃኒቷ በምን ይገዛል? ከሞጣ ወደ ሸለቆው ይመላለስ የነበረው ባጃጅ ነዳጅ አጥቶ ከቆመ ወዲህ ሁለቱንም ይዤ የቆየሁት በዚያ ሳይክል ነው።

ባለፈው ሐሙስ ስመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ላቤ ቆመ። ቆዳዬ ደርቆ እሳት ሆነ። «ላብህ ከቆመ አንተም ቁም» ትለኝ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ግን ዘግይቼ ስለነበር ሳይክሉን እየገፋሁ ቀጠልኩ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አገኙኝና አንደኛው፣ «ጋሼ፣ ሳይክሉ ደከመው እንዴ? አዝለውት ይሂዱ እንግዲህ» አለኝ። ሳቁ። እኔም ልስቅ ፈለግሁ፤ አፌ አልታዘዘኝም። ከዚያ መንገዱ ላይ ወደቅሁ። ጎትቶ ጥላ ሥር ያስቀመጠኝ፣ ኮዳውን አፌ ላይ ያስደገፈኝ ያው የቀለደብኝ ሰውዬ ነው። ቤትዎ የት ነው ሲለኝ፣ «የሚያገላብጣት የለም» ብዬ መለስኩለት አሉ። እኔ አላስታውሰውም።

ቤት ስደርስ ሥርጉት በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እኔም እኮ ልጆች አሉኝ፣ ጋሽዬ» አለችና ሄደች። ይርገዱ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ጠበቀችኝ። ሸሚዜን የዳገቱ ነፋስ አድርቆት ነበር። በምትታዘዛት እጇ ደረቴን ዳሰሰችና፣ «ዛሬስ መኪና አገኘህ መሰለኝ፤ ደረቅ ነህ» አለች። ደስ አላት። እኔም አዎ አልኳት።

አምባቸው፣ ዕድሜዬን አውቃለሁ። ያን ዳገት ለብዙ ዓመት እንደማልወጣውም አውቃለሁ። የምለምንህ ሌላ ቦታ እስክታገኝልኝ፣ ወይም ባጃጁ እስኪመለስ፣ እየተመላለስኩ እንድሠራ ነው። ይህን ለመፍቀድ ሥልጣኑ አለህ፤ ከአንተ በላይ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግህም። ስልክ ስደውልልህ አላነሣህም፤ አሁንም እንድትደውልልኝ አልፈልግም።

መልስህን በጽሑፍ፣ ፊርማህ ያለበት፣ እስከ ሰኔ 23 ቀን እጠብቃለሁ። «ጉዳዩ ይታያል» ብለህ አትጻፍልኝ። ትእዛዙ ተሽሯል፣ ወይም አልተሻረም በል። አልተሻረም ካልክ ከሥሩ አንድ መስመር ለይርገዱ ጨምርበት፤ አነብላታለሁ። እኔ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።

የኔሰው