ሥራ የላትም

ጥቅምት 8፣ ሆሳዕና

ዛሬም ጭቃ። ከጊምቢቹ ስመለስ ጫማዬ ሁለቴ ተቀርቅሮ ቀረ፤ በእጄ ጎትቼ አወጣሁት። ቀኑን ሙሉ ቅጽ ስሞላ ዋልኩ። የጭሰኛው ስም። ስንት ቀን ለራሱ ያርሳል፣ ስንት ቀን ለባለመሬቱ። ሚስት፦ ሥራ የላትም። ቀጣዩ ቤት። ሚስት፦ ሥራ የላትም። እጄ ስለለመደው ሳልጠይቅ እጽፋለሁ።

ይህን የጭሰኞች ጥናት የሚያሠሩኝ የፕሮፌሰሩ ደብዳቤ ከአ.አ. ደርሷል። ጥናቱ ኅዳር ላይ ካለቀ ረዳት መምህርነቱ የእኔ ነው። የሀዲያ ገበሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር! ደብተሬ፣ የምፎክረው ላንቺ ብቻ ነው።

ጥቅምት 12፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

ፕ/ሩ በላንድሮቨር መጡ። የባለመሬቱ የፊታውራሪው ወኪል አብሯቸው አለ። ፕ/ሩ ቅጾቹን አገላበጡና ደስ አላቸው። ከሕዝቡ ግማሹ ሥራ ፈት ነው አሉ። ስለዚህ ጭሰኛው ተነስቶ መሬቱ በትራክተር ቢታረስ የሚጎዳው ጥቂት ሰው ነው አሉ። ወኪሉ ራሱን ነቀነቀ።

ክፍል ውስጥ ስለ ድሃ ሲያስተምሩን እንባ ይተናነቃቸው ነበር! ደሜ ፈላ። ግን ምን ልበል? ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። እህቴ አስቴር የዚያው መሬት ጭሰኛ ሚስት ናት፤ ይህንንም አልነገርኳቸውም። ፈሪ!

ጥቅምት 13

አስቴር ቤት ሄድኩ። ከጓሮ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ እንሰት እየፋቁ ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም። አጥሩ ጋ ቆሜ ጠራኋት። እጇ እስከ ክርኗ እንደራሰ መጣች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ምን በልተህ ነው የዞርከው?»

ቆጮ። በየቤቱ፣ ጠገብኩ እስክል።

ሴቶቹ ዛሬ የአንዷ ጓሮ፣ ነገ የሌላዋ፤ ተራ ገብተው እንሰቱን ይፍቃሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብራሉ። የዓመቱ ምግብ ከዚያ ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ፊቴን እንዳዞር ነው ያደግሁት። ያላየሁትን የለም ብዬ ጻፍኩ። ሥርዓቱን የማያውቅ የውጭ ሰው ቢሆን ሰተት ብሎ ገብቶ ያየው ነበር። የአገሬን ሰው እኔ አውቀዋለሁ ባዩ እኔ ግን! ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኛል።

ጥቅምት 16፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ከስልክ ቤት መመለሴ ነው። ለፕ/ሩ ደውዬ ቅጹ ላይ ስህተት አለ፣ እንደገና ልሙላ አልኩ። የጓሮ ሥራ ሥራ አይባልም፣ ደመወዝ የለውም አሉኝ። የባሎቻቸውም ደመወዝ የለውም አልኳቸው። ጮኹብኝ። ፈርመህ ላክ፣ እምቢ ካልክ ለቦታህ ሰው ሞልቷል፤ ሹፌር ማክሰኞ ይመጣል አሉ። ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ዘጋው! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር አንቱ የለም። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ በአዘኔታ ሲያየኝ እሱንም ተቆጣሁት፤ ምን በደለኝ?

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ ጠዋት

ቅጾቹን ባቃጥል ፕ/ሩ ሌላ ሰው ልኮ ያንኑ ያስሞላል። ብሰርዛቸው ስርዙን ትቶ ከሥር ያለውን ያነባል። አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ፤ ጥናቱን ከነራሴ መግደል። ለፋኩልቲው ኃላፊ ጻፍኩ፦ «ቅጾቹን የሞላሁት ሳላይና ሳልጠይቅ ነው። ማንም እንዳያምናቸው።» ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

ከእንግዲህ ጥናት የሚያሠራኝ የለም። አውቃለሁ። ያቃጥለኛል። አራት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነው? አዎ፣ ይሁን፣ ለዚህ ነው!

ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል። ይንፋ። ደብዳቤውን ለእሱ መስጠት የለም፤ አብሬው እሳፈራለሁ። ኃላፊው ፊት፣ ፕ/ሩም እዚያው ተቀምጦ እየሰማ፣ በራሴ አፍ አነበዋለሁ። ከዚያ ያንን ወኪል ጠርተው ቅጾቹ ዋጋ እንደሌላቸው ይንገሩት። ጥሩንባው ደገመ፤ ልሂድ።