ከካርቱም ቶሮንቶ በአንድ ረጅም ቀን

ሰኞ

አውሮፕላን ውስጥ ጫማ ይወለቃል አልኳት፤ አመነችኝ። «እንደ መስጊድ?» አለች አክስቴ ዘይነባ። «ይብሳል፤ ካልሲሽን ሁሉ ያያሉ» አልኳት። ሱቅ ሄዳ ሁለት አዲስ ካልሲ ገዝታ መጣች። ሳቄን እንዳታይ ረክሻዬን፣ ባጃጄን፣ ላጥብ ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ ትበራለች። ልጇ ፋጡማ ቶሮንቶ ወልዳለች። አክስቴ ከወሎ ከመጣች ጀምሮ የሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች፤ እናቴ ስትሞትም እኔን ወስዳ አሳደገችኝ። አውሮፕላን የመጀመሪያዋ ነው። አትፈራም። የምፈራላት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

የመንገዱን ርቀት ስልኬ ላይ አየሁት። ከአስር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ። ድልድዩ ሲጨናነቅ ከሰፈራችን ከቡሪ ወንዝ ማዶ ኦምዱርማን ለመድረስ ግማሽ ቀን ይበላል። እሷ ግን ጠዋት ተነስታ፣ ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን ቀይራ፣ በዚያው ቀን ቶሮንቶ ትገባለች። ማሻአላህ። አውሮፕላንን የሠራውን ሰውዬ ባገኘው ዓመት ሙሉ በረክሻዬ በነፃ አንሸራሽረዋለሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። የምትሄደው ወደ ምዕራብ ነው፤ ፀሐይም አብራት ትሄዳለች። ቀኑ አያልቅም። ረመዳን ነው፣ እሷ ደግሞ ስኳር አለባት።

ኢፍጣር ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ነገርኳት። «የሐሙስን ፆም ተዪው። ሰማይ ላይ ፀሐይ ቶሎ አትጠልቅም፤ መግሪብ ቶሎ አይደርስም።»

«ይሄም እንደ ካልሲው ነው?» አለች። ለካ አንዱ ነግሯታል።

«ወላሂ እውነቴን ነው።»

«አንተ ከዳብ፣ አንተ ውሸታም፣ ፀሐይ የማንን ቲኬት ይዛ ነው የምትከተለኝ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። የባሰ አበላሸሁት።

ረቡዕ

ቁርአን ሊያስተምሩኝ ሞክረው የደከማቸውን ሼህ ለመንኩ፤ መጡ። «ልጁ ልክ ነው። መንገደኛም በሽተኛም ማፍጠር ይችላል፤ በኋላ በሌላ ቀን ፆመሽ ቀዷ ታወጪዋለሽ» አሏት። በአክብሮት ሰማቻቸው። ሲወጡ፣ «ደግ ሰው ናቸው። እሳቸውንም አታለልካቸው» አለችኝ።

ሐሙስ

አውሮፕላን ማረፊያ እኔው አደረስኳት። ቦርሳዋ ውስጥ ቴምር ከተትኩ። «ለሌላ መንገደኛ ነው፤ ሲያፈጥርበት ላንቺም አጅር፣ የአላህ ምንዳ፣ አለው» አልኳት። ይህን ውሸት አመነች። «ያላ» ብላ ሳትዞር ገባች። እንዴት ያለች ሴት ናት።

ማታ እዚህ አዛን አለ፣ አፈጠርን። እሷ ያለችበት ገና ቀን ነው።

ዓርብ

ከንጋት በፊት ለሱሑር ስነሳ የድምፅ መልእክት ልካልኝ አገኘሁ።

«ደርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ስማ፣ ያቺ ፀሐይ ክንፉ ላይ ተቀምጣ አልወርድ አለች። መጀመሪያ ሳቅኩብህ። ቆይቶ እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሰውን ቴምር በላሁ። አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

ከጀርባዋ ሕፃኑ ያለቅሳል። እንዲህ ከሩቅ የሚያለቅስ ልጅ ሰምቼ አላውቅም። መልሼ መላልሼ አዳመጥኩት።

ደወልኩ። ፋጡማ አነሳችው። «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አለችኝ። «አትቀስቅስብኝ፤ እዚህ እኮ ገና ሐሙስ ነው።»