ቀይ የወጣው ጥቁር እንጨት

የካቲት ፫ ቀን ፲፰፻፸፰

ለማንም ያልነገርኩት... ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጎረቤቴ የፈዬራ ላም የሞተችው በሸክላ ሠሪዋ በዲንቄ ዓይን አይደለም። ከጓሮዬ፣ ጥቁር እንጨት ከሚሉት ዛፍ ቆርጬ የጣልኩትን ቅርንጫፍ፣ ቅጠሉ ጠውልጎ ሳለ በልታ ነው። ዲንቄን ቡዳ ብለው ወንዝ ማዶ አባረሯት። ዝም አልኩ። ገና መጤ ነበርኩ፤ ከተናገርኩ እኔን ያባርራሉ ብዬ።

ባሌ ሣህሌ ተማሪዎቹን ሲያስነብብ ከጓዳ ሆኜ በለቀምኩት ፊደል ይኸው ጻፍኩት።

ዛሬም ሁለት ሰዎች ሳይጠይቁኝ ከዛፉ ቅርፊት ልጠው ሄዱ። አንዱ ለሽንት ሕመሙ፣ አንዷ ለቁስሏ። ዙሪያውን ከላጡት እኮ ይደርቃል! ስንቴ ልናገር? ሳያቆስሉት የሚጠቀሙበት ንቦች ብቻ ናቸው።

የካቲት ፱

አባይነህ የሚባል የእንጨት አለቃ መጣ። እንጦጦ ላይ ለሚሠራው አዳራሽ ጥቁር እንጨት አምጣ ተብሏል። ሰዎቹ ከዛፌ ሦስት ትልልቅ ቅርንጫፎች ጣሉ። የእንጨቱን ልብ ቀይ ሆኖ ሲያገኘው እኔን ተቆጣኝ።

"ይሄ ቀይ ነው። ጥቁሩን የት ደበቁት፣ እሜቴ?"

ጥቁር የተባለው በቅርፊቱ ነው፣ የሁሉም ልብ ቀይ ነው፣ ለምሰሶም ለመጥረቢያ እጀታም እንደሱ ያለ ጠንካራ የለም አልኩት። ሳቀብኝ። ጥቁሩን ሊፈልግ በየካ ሚካኤል በኩል ወረደ... ይፈልግ።

ፈዬራ በኦሮምኛ ሆሚ ይለዋል። ቀለም የሌለበት ስም። አለቃው ዛፉን በዚህ ስም ቢያውቀው ግን ቀለሙ ሳያሳስተው ግንዱንም አይተወውም ነበር።

የጣሉትንስ ማን ያንሳ? እኔ? ነገ።

የካቲት ፲

ወገቤ። ነገ።

የካቲት ፲፩

የፈዬራ ጊደር በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ የጠወለገውን ቅጠል በላች። ሞተች። አፏ እንደ ኮክ ፍሬ ልብ መራራ መራራ ይሸታል። ያኔም እንዲሁ ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። ዲንቄ ከትናንት በስቲያ ወደ ገበያ ስትሄድ በዚህ አልፋለች ተባለ። ነገ ወንዝ ማዶ ሄደን ከዚያም እንነቅላታለን አሉ።

"ቅጠሉ ነው" አልኩ። በጫጫታው አልሰሙኝም። ደገምኩት።

"እሜቴ፣" አለ ፈዬራ፣ "ከብቶቼ እዚህ ሥር ስንት ዓመት ቆመዋል። ሆሚ መቼ ገደለ?"

እርጥቡን አይነኩትም፣ የሚገድለው የጠወለገው ነው አልኩት። የያኔዋንም ላም የገደልኩ እኔ ነኝ አልኩት።

ፈዬራ ከወደቀው ቅርንጫፍ የጠወለገ ቅጠል አንሥቶ አሸተተ።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሰላምታዬን እንዴት ይቀበሉኝ ነበር?"



የካቲት ፲፪

ወንዝ ማዶ የሄደ የለም። ፈዬራ ሳያናግረኝ ቅርንጫፎቹን ሰብስቦ አቃጠለ። ሰላምታው ቀርቷል።

ከመንደሩ አንዷ ደግሞ ቅጠሉንም በዓይኗ የመረዘችው ዲንቄ ናት ትላለች። ለእነዚህ ሰዎች ምን ይነገራቸዋል?

እነዚህ ገጾች ለዲንቄ ናቸው። ማንበብ አትችልም። ይዤላት ሄጄ፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ እኔው አነብላታለሁ።