ዝም ያለው ስቲከር

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሱቅ ዋልኩ። ስልክ ስጠግን ዋልኩ ማለት ነው። እናቴ ዛሬም የበላችውን አስመለሰች፤ ከአልጋዋም መነሳት አቃታት። ጨጓራ ነው ተብሎ የተሰጣትን መድኃኒት ከኅዳር ጀምሮ ትወስዳለች... ምን ለወጠ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ወንድሜ ሙንተሲር ከዩኒቨርሲቲ መጣ። ለጥናቱ የሚሞክራቸው ስቲከሮች ይዟል፣ ውስጣቸው ቺፕ አለ። ባትሪ የላቸውም፤ ስልክ ሲጠጋቸው ከስልኩ በሚወጣው ሞገድ ይሠራሉ። አየሩ ንጹሕ ከሆነ ስልኩ ያነባቸዋል። እህል ውስጥ የሚጨመረው የነቀዝ ክኒን የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ካገኛቸው ዝም ይላሉ። እኛ እህላችን ላይ ክኒን አላደረግንም እኮ አልኩት። ለማነጻጸሪያ ነው አለ። አንዱን ጎተራው ላይ፣ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን እናቴ መኝታ ቤት ለጠፈ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የጎተራው ይነበባል። የሳሎኑም። የእናቴ ክፍል ግን ዝም። ተበላሽቶ ይሆናል... ሌላ ለጠፍን።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ሁለተኛውም ዝም! የሳሎኑን አምጥተን ለጠፍን፤ ከሰዓት በኋላ እሱም ዝም አለ።

ሙንተሲር ከግድግዳው ወዲያ አሁን ምን እንዳለ ጠየቀኝ። የጎረቤታችን የዝናው የእህል መጋዘን። ግድግዳው ጣራው ጋ አይገጥምም፣ ክፍተት አለው። እናቴ ያንን ጋዝ ስትተነፍስ ነው የከረመችው? ወዲያው አክስቴ ቤት ወሰድናት።

ዝናው ስንነግረው ተቆጣ። ክኒኑን የማይጠቀም ነጋዴ የለም አለ። ሙንተሲር አልተከራከረም። አንድ ስቲከር በራሱ በዝናው ስልክ አስነበበውና መኝታ ቤታቸው ለጠፈለት። ሌላ ቦታ እደሩ ብንለው እምቢ አለ።

አርብ፣ የካቲት 7

ጠዋት ዝናው ስልኩን እንደያዘ መጣ።

"ሰሚሃ፣ የእኔም ዝም ብሏል።"

ደጃፋችን ላይ ቁጭ አለ።

"ስህን እኮ እዚያ ነው የምትተኛው።"

ስህን ሚስቱ ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት። የመጋዘኑን በር ወለል አድርገን ከፍተን ሸሸን። እናቴንና ስህንን በአንድ መኪና ደሴ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሟ የክኒኑን ነገር ስትሰማ የእናቴን ምርመራ እንደ አዲስ ጀመረች።

እሑድ፣ የካቲት 9

የእናቴ ሕመም ከጋዙ ነው አለች ሐኪሟ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር... የጨጓራ መድኃኒት! አሁንም አላምንም።

አርብ፣ የካቲት 21

ዝናው እህሉን ሰው ወደማያድርበት መጋዘን አዛወረ። የስህን ጽንስ ልቡ ይመታል ተብሏል፤ ክትትሉ ግን ገና ነው።

ዛሬ ዝናው እናቴን ሊጠይቃት መጣ። ዓይኗን ማየት አቃተው። ከወጥ ቤት ሆኜ ሰማኋት፦

"ቀና በል ልጄ። ስህን ስትወልድ የማርሳት እኔ ነኝ።"

ከአልጋዋ መነሳት አቅቷት የነበረች ሴት...