የሚወርደው ዘንዶ

ሦስተኛ ወር፣ ቀን 6

ዝናብ። ሥዕል በሚታተምበት ጣውላ ላይ የተዋናዩን የኢዋኖጆን ቀሚስ ቀርጬ ጨረስኩ። ቀሚሱ ላይ ያለው ዘንዶ ብቻ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ... ቅርፊቱ አንድ በአንድ። ዓይኔ ጠፋ። ፊቱንና ፀጉሩን እንደ ሁልጊዜው አለቃችን ቶራዞ ቀረጸ። ቀሚስ ለእኔ፣ ፊት ለእሱ። አሥራ አንድ ዓመት! "ይሄ ካማረ የሚቀጥለውን ፊት ለአንተ እሰጥሃለሁ" ብሏል። ልመነው?

ቀን 9

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። አሳታሚው ሳንኪቺ የተቀደደ ወረቀት ይዞ መጣ። የሙከራ ህትመታችን ነው፤ የቀደደው ራሱ ኢዋኖጆ። "ስሜ ገና ሲወጣ ዘንዶዬን ወደ ታች ታወርዱታላችሁ? ወደቀ ልታስብሉኝ ነው?" አለ አሉ።

"ማነው ያወረደው?" ሲል ሳንኪቺ፣ ቶራዞ በአገጩ እኔን አሳየ። እኔን!... ሠዓሊው የሣለውን መስመር ተከትዬ ነው የቀረጽኩት። ሥዕሉን ጣውላው ላይ የለጠፈው ራሱ ቶራዞ ነው! ግን በምን ላስረዳ? ሥዕሉ ከእንጨቱ ጋር በገዛ ቢላዬ ተፍቆ አልቋል።

"ፈልፍለህ አውጣውና ሌላ እንጨት ወትፍበት። ዘንዶው ወደ ላይ የሚወጣ ሆኖ ይቀረጽ" አለኝ ሳንኪቺ። አንገቴን ደፋሁ። እንደ ጅል!

ቀን 10

ወደ ሥራ አልሄድኩም። ቶራዞ ራሱ ይወትፈው።

ቀን 11

ትያትር ቤት ሄድኩ። ኢዋኖጆ ሲኳኳል ደረስኩ። የመድረክ ቀሚሱ ተሰቅሏል... ዘንዶው ወደ ታች! ደሜ ፈላ።

"ጌታዬ፣ ይሄስ?"

"መድረክ ላይ ሲወርድ ዝናብ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሰው ስሜን እየጠራ ይጮኻል" አለ ከመስታወቱ ሳይዞር። "ወረቀት ላይ ግን አልናገር፣ አልንቀሳቀስ። የሚታየው መውረዱ ብቻ ነው። አንተ ነህ ያጠፋኸው?"

"ሠዓሊው ነው እንዲህ የሣለው፤ አለቃዬ ቶራዞም እያየ ነው ጣውላው ላይ የለጠፈው።"

"ታዲያ ሲዋሽብህ አፍህ የት ነበር?"

መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

ቀን 12

ለቶራዞ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ነገርኩት። "ሥዕሉን የለጠፍከው አንተ ነህ። አይተኸዋል።" የሁሉም መሮ ቀጥ አለ።

"ፊት መቅረጽ አማረህ? እኔ እያለሁ አታገኛትም!"

"ካንተስ ይቅርብኝ።" ቢላዎቼን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ቀን 27

ከድልድዩ ማዶ ያለች ጠባብ ማተሚያ ቤት ገብቻለሁ። የካቡኪ ትያትር ተዋናይ የለ፣ ዘንዶ የለ... የልጆች መጫወቻ ወረቀት ነው የምናትመው። ባለቤቷ ኦታሚ የምትባል መበለት ናት። "ፊቱን ማን ይቀርጸዋል?" ብዬ ብጠይቃት፣ "ሌላ ማን አለ? አንተው ነሃ!" ብላ ሳቀችብኝ።

አውራ ጣት የምታክል የአንድ አስቂኝ ሽማግሌ ፊት ናት። ፀጉሩ ላይ ቢላዋው አንዴ አዳልጦኛል። ንዴቱም አልለቀቀኝም፤ ቶራዞን ሳስበው አሁንም ጥርሴን አፋጫለሁ። ፊቱን ግን እኔ ነኝ የቀረጽኩት።