እማዬ የምትቆረጥመው በረዶ

አይደለም ጋሼ፣ ተሳስተሃል! «ይሄን የሚያክል የእማዬ ሰውነት ምን ሊጎድለው ይችላል» ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀምከው። ደብዳቤ ግን አይጠረቀምም። ለነገሩ ሰላምታ ይቅደም፤ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? ሚስትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ አለሁ። ጸጉር ቤት የሰው ጭንቅላት ሳጥብ ነው የምውለው። ትምህርቱን አልተመለስኩም፣ አትጠይቀኝ።

ባለፈው እሁድ የእማዬን ጸጉር ሳጥብላት እጄ ላይ ቀረ። እፍኝ ሙሉ። ሳታይ በፎጣ ጠቅልዬ ጣልኩት።

የበረዶውንም ነገር ነግሬህ ነበር። ፍሪጁን እየፋቀች ቀኑን ሙሉ ቋ ቋ ስታደርገው «ተያት፣ ውሃ አያወፍርም» ብለህ ሳቅክ። ሐኪሟ ግን ገና ከመቀመጣችን «በረዶ ይቆረጥማሉ እንዴ?» አለቻት። ጠንቋይ መሰለችኝ። ለካ ደሙ ውስጥ ብረት ያነሰው ሰው እንዲህ ያምረዋል። ዚንክ የሚሉት ማዕድንም ወርዷል፣ ጸጉሯ የሚረግፈው በሱ ሊሆን ይችላል። እኔም እንዳንተው «ይሄን ሁሉ እየበላች?» ብዬ ተቆጣሁ። ሆድ ሞላ ማለት ደም ሞላ ማለት አይደለም አለችኝ። ዳቦና ጣፋጭ ያወፍራል እንጂ ብረት አይሆንም፤ ውፍረቱ ራሱም ሰውነቷ ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርገዋል። ለውፍረቷ ተራ በያዘችለት ቀዶ ጥገና ሆዷ ከጠበበ በኋላ ደግሞ የሚገባው ጭራሽ ያንሳል። ጎተራው ባዶ እያለ በሩን ማጥበብ በለው። ስለዚህ መጀመሪያ የብረቱንና የዚንኩን ክኒን ትዋጥ፣ ደሟ ይታይ፣ ቢላው ከዚያ ይደርሳል።

ስትውጥ ነበር። አንተ ደውለህ «ቫይታሚን ያወፍራል፣ ሊያጓትቱሽ ነው» እስክትላት ድረስ። አሁን አፏን ግጥም። «የበኩር ልጄ ከተናገረ ተናገረ ነው» ትላለች። እኔን ማን ይሰማኛል፣ ትምህርት ያቋረጠች ክብሪት! ስሙንም ያወጣህልኝ አንተው ነህ።

ትናንት ከመታጠቢያ ቤት ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች። ብቻዬን ላነሳት አልችልም። ጎረቤታችን ሹፌሩ እስኪመጣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ድሮ ቢሆን ቤቱን በጩኸት አናጋው ነበር። ትናንት ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ፣ ቀለሙ ተልጧል። በረዶ አምጪልኝ አለችኝ። አመጣሁላት። አብረን ቆረጠምን።

ደሟ የሚታየው በሚመጣው ወር መጀመሪያ ነው። ካልሞላ የቀዶ ጥገና ተራዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። እሷም ተራዬ ካለፈ «ሁለተኛ እዛ ሆስፒታል አልረግጥም» ብላለች። ታውቃታለህ፣ ካለች አለች ነው።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ። ትልቁን ልጅህን በኩርኩም፣ ትንሿን ጉንጯን በመሳም። እማዬ ሰላም አላለችህም፣ እየጻፍኩልህ መሆኑን አታውቅም።

ይቺን ባነበብክበት ቀን ጀንበር ሳትጠልቅ ደውል። ለኔ አይደለም፣ ለሷ። «ተሳስቼ ነው እማዬ፣ ዋጪው» በላት፣ ሌላ ወሬ አትጨምር። ክኒኑ ትራስጌዋ ነው፣ ውሃውን እኔ እይዛለሁ። ሳይመሽ ደውል አልኩህ!

እህትህ ክብሪት
ከእማዬ ክፍል ደጃፍ፣ ማክሰኞ ኅዳር 12